ዓወል የላከው ወረቀት

ልጄ ኢናስ፣ የአላህ ሰላም ካለሽበት ይድረስሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። ለንደን ብርዱ በርትቷል አሉ፣ ጆሮሽን ሸፍኚ።

እኔ እዚህ በሰው አገር ዩልስታ ደህና ነኝ፤ አንጀቴ ግን አርሯል። ሥራ ካጣሁ ወዲህ ሶሻል የሚሉት የድጎማ ቢሮ «ድጎማ የምታገኚው የበጎ ፈቃድ ሥራ ከሠራሽ ነው» አለኝ። እሺ ብዬ ቤተ መጻሕፍት ወንበር ልደረድር ተመዘገብኩ። ለካስ ወንድሜ የምለው የመስጊዳችን ጸሐፊ ዓወል ቀድሞኝ ለሶሻል ወረቀት ልኳል፤ ለአላህ ብዬ ያጠብኳቸውን ሙታን የበጎ ፈቃድ ሥራ ሰዓት አድርጎ! ጎረቤታችን ሙፈሪሃት፣ አላህ ይዘንላትና፣ «ሦስት ሰዓት» ተብላ ተጽፋለች። «ላግዝሽ ብዬ እኮ ነው» ይለኛል። ከአላህ የምጠብቀውን ምንዳ፣ አጅሬን፣ ለቢሮ አሳልፎ ሰጥቶ!

ዱዓዬ አይለይሽ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ የእኔ ቀን ሲደርስ መጥተሽ በእጅሽ እጠቢኝ። ሰዓት የሚቆጠርለት ሰው እንዳይነካኝ።

እናትሽ