ኮሽ የማትል ብስክሌት

ኅዳር 4፣ ሽንፋ አካባቢ

ዛሬ ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

በብስክሌት ቆላውን ልይ ብዬ ከጎንደር ስነሳ ሰንሰለቱን ዘይት አጠጥቼው ነበር። ኮሽ አትልም፤ በዚህም ስኮራ ሰነበትኩ። ከቀትር በኋላ ውኃ ልለምን ወደ አንድ የሰሊጥ እርሻ ታጠፍኩ። የእርሻው ጠባቂ ጋሽ ደሴ ዞር ሲሉ አጠገባቸው ደርሻለሁ። ጠመንጃቸውን አቀባብለው ደረቴ ላይ ደገኑ።

"ውኃ ፈልጌ ነው አባቴ!" አልኩ፣ እጄን ሰቅዬ።

"እዚህ አገር ሰው ከሩቅ እየተጣራ ነው የሚመጣ! ዝም ብሎ የሚመጣ ሽፍታ ነው" ብለው ተቆጡኝ።

ውኃውን አጠጥተውኝ ሲያበቁ፣ ባዶ የሳልሳ ጣሳ ውስጥ ጠጠር ጨምረው ከኮርቻዬ ሥር አሰሩልኝ። እንግዲህ እየተንኳኳሁ ልሄድ ነው።

ነገ ወደ መተማ የምሄድበት መንገድ ግን እርሻም ጫካም አለው። ጣሳውን የሰማ ጠባቂ አይተኩስብኝም። ሽፍታ ቢሰማውስ? አድፍጦ ይጠብቀኛል።

"ጫካው ውስጥ ስገባ ልፍታው?" ብዬ ጠየቅኋቸው።

"እሱን እንኳ እንጃ ልጄ" አሉኝ።

ሁለቴ ፈትቼ መልሼ አሰርኩት። አሁን ማታ እዚያው እርሻው ላይ ላድር ተቀምጬ ይህን ስጽፍ ነፋስ ጣሳውን አንኳኳው። ጋሽ ደሴ፣ ያሰሩልኝ እሳቸው ራሳቸው፣ ብድግ ብለው ጠመንጃቸውን አነሱ።