ጭራ የወጣ ያስተናግዳል

ውድ ጭራችን፣

ስልክ አላነሳም ካልክ ምን ላድርግ? ይኸው በዚህ ዘመን ደብዳቤ ታጽፈኛለህ። በበርህ ሥር ነው የማሾልክልህ። መቅደድህ ካልቀረም እባክህ መጀመሪያ አንብበው።

እኔ እንደ ሰሞኑ በግኜ አላውቅም። አራታችን፣ አንተ፣ እኔ፣ ፀጉር አስተካካዩና ፋርማሲስቷ፣ ይህን ጨዋታ ስንጀምር ሕጉ ግልጽ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ሁላችንም አንድ አንድ አስፈሪ ፊልም ይዘን እንመጣለን፤ መጋረጃ ዘግተን ከየፊልሙ በጣም የሚያስፈራውን ቦታ እናያለን፤ ከዚያ ማንም ለራሱ ፊልም ድምፅ ሳይሰጥ ከአንደኛ እስከ ጭራ ደረጃ እናወጣለን። ጭራ የወጣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱ ጠርቶን ያበላል፣ ያጠጣል፣ ሳህን ያጥባል። ቅጣት ነበር እኮ!

አንተ ምን ታመጣልናለህ? ጀርባው ላይ ዚፑ የሚታይ ጭራቅ። አንድ ጊዜማ መንፈስ ነው የተባለው ሰውዬ ሲያስነጥስ አሳየኸን። ፀጉር አስተካካዩ ከሳቁ ብዛት ከሶፋው ወደቀ። ፋርማሲስቷ ደግሞ ወደኔ ዞራ፣ "ኧረ ይሄ ሰውዬ እያሾፈብን ነው" ትላለች። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛ እየወጣሁ አንጀቴ ያርራል፤ አንተ ጭራ ወጥተህ ጥርስህ አይከደንም።

"በቃ፣ የፈረደበት የኔ ቤት ነው!" ትልና ትስቃለህ።

ሰለቸኝ። ሕጉን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ፤ ከእንግዲህ አንደኛ የወጣ ያስተናግድ፣ ማስተናገድ ክብር ይሁን አልኩ። አንተ ሳህን ማጠብህን ቀጠልክ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ግን ያን ፊልም ይዘህ አንደኛ የወጣችው ፋርማሲስቷ ቤት ከች አልክ። ሴትዮዋ ካፖርቷን ሰቅላ ዞር ስትል፣ የካፖርቱ እጅጌ ቀስ ብሎ ተዘርግቶ መብራቱን አጠፋው። ፋርማሲስቷ ክንዴን ቧጠጠችኝ። ፀጉር አስተካካዩ ውሃ ልጠጣ ብሎ ወጣና ኮሪደሩ ላይ የተሰቀለ ካፖርት አይቶ ሳይጠጣ ተመለሰ። በሙሉ ድምፅ አንደኛ ወጣህ።

"እስከ ዛሬ ስታጭበረብረን ነበር ማለት ነው!" ብዬ ጮህኩብህ።

አንተም ጃኬትህን አነሳህና፣ "ተዉት፣ አትምጡ፤ ይቅር በቃ" ብለህ ወጣህ። ይኸው ከዚያ ወዲህ ድምፅህን የሰማ የለም።

ነገሩን የገለጠችልኝ ፋርማሲስቷ ናት። "እህቱ አግብታ ከወጣች በኋላ እኮ ነው ያን ሶፋ የሠራው" አለችኝ። እኔ ደነዙ፣ ሶፋ ሠሪ ስለሆንክ ገበያ ያጣ ዕቃ ቤትህ ያስገባህ መስሎኝ ነበር። ለካ ብቻህን ለምትኖርበት ሳሎን አራት ሰው የሚያስቀምጥ ሶፋ ለክተህ፣ ቆርጠህ፣ ሰፍተህ ኖሯል።

ይሄን ሳውቅ የባሰ በገንኩ! ሰው "ኑ" ማለት አቅቶት ያን ሁሉ ባለዚፕ ጭራቅ ያሳየናል? ቤቱ ጭር አለብኝ ብትል ማን ይስቅብህ ነበር? እሺ፣ ፀጉር አስተካካዩ ይስቅ ነበር። ግን እየሳቀ ይመጣ ነበር። እኔም እመጣ ነበር፣ አንተ የማትረባ! ናፍቀኸናል፤ ፊልሙም ያለ አንተ አይታይም።

ስለዚህ ሕጉ እንደገና ተቀይሯል። ማንም አንደኛ ይውጣ፣ ማንም ጭራ ይውጣ፣ ቅዳሜ አንተ ቤት ነው። ሳህኑን በየተራ እናጥባለን። አንተ ብቻ እስከ ዛሬ የደበቅካቸውን ደህና ደህና ፊልሞች አውጣ፤ መሸነፌ ካልቀረ በሐቅ ልሸነፍ። ካፖርቴን ከዚያ ቀን ወዲህ ወንበር ላይ ነው የምጥለው፤ ሚስቴ ለምን እንደሆነ ብትጠይቀኝ መስቀያው ተሰብሯል አልኳት።

ስናንኳኳ ክፈት። ባትከፍትም አንሄድም፤ ደጅህ ላይ ቁጭ እንላለን። ግን ሶፋው ይሻለናል።

ሁልጊዜ ሁለተኛ የሚወጣው ጓደኛህ