ኢብቲሳምን የሰረዝኩበት ቅዳሜ

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 10
ዛሬም ከአሥራ ሁለቱ የማጠናከሪያ ትምህርት ልጃገረዶች የመጡት ስድስት ብቻ። ከወልድያ በሌሊት ተነስቼ፣ ሚኒባስ ውስጥ ታጭቄ መርሳ የምደርሰው ለባዶ ዴስክ ነው? የስምንተኛ ክፍል ፈተና ሁለት ወር ነው የቀረው። «ሴት ልጅ ከማንም አታንስም» ስላቸው ራሳቸውን በእሺታ ይነቀንቃሉ... በሳምንቱ የሉም። ኢብቲሳም ስትቀር ሦስተኛዋ ነው። ከሁሉም ጎበዟ! ሦስት ጊዜ የቀረች ትሰረዛለች ብያለሁ። ከስም ዝርዝሩ ሰረዝኳት፣ በቀይ። ሌሎቹ ይማሩበት።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 17
አምስት መጡ። የኢብቲሳምን ጎረቤት ለይላን ያዝኳት።
«ለምንድነው የምትቀሩት?»
«ቲቸር፣ ቅዳሜ እኮ ገበያ ነው።»
«እና?»
«እናቶቻችን ገበያ ይወጣሉ። ሕፃኑን ማን ይያዘው?»
አራት ወር ሙሉ በዚያው ገበያ መሃል እየተጋፋሁ ነው ክፍል የምገባው። ስመለስ ሽንኩርት እገዛለሁ! እንዴት አልታየኝም? የሴቶች እኩልነት አስተማሪ ነኝ ባይ...
የባሰውን ደግሞ ለይላ ነገረችኝ። የኢብቲሳም አባት ጋሽ ናስር መሰረዟን ሲሰሙ «አስተማሪዋም ተስፋ ቆርጣባታለች» ብለው፣ ለልጃቸው ጠያቂዎች እሺ ሊሉ ነው። ሰርጉ ከፈተናው በፊት። ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ጦርነቱ ሁለት ዓመት ባይበላባት ይሄኔ አሥረኛ ክፍል ነበረች።

እሑድ፣ ሚያዝያ 18
ቤታቸው ሄድኩ።
«ጥፋቱ የኔ ነው ጋሽ ናስር። አንቱ እሺ ይበሉኝና እመልሳታለሁ።»
«የሰረዝሽ አንቺ፣ የምትመልሺም አንቺ። ልጄ መጫወቻሽ ናት?»
ኢብቲሳም ወንድሟን አዝላ ጓዳው በር ላይ ቆማ ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።
ለይላ ስትሸኘኝ፣ «ያጠፋ ሰው ሽማግሌ ነው የሚልክ» አለችኝ። በአሥራ አምስት ዓመቷ እኔን መከረችኝ።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21
አስተባባሪያችን መልካሙ ደወለ። «ሪፖርቱስ?» ሽማግሌ ልልክ ነው አልኩት። «እሱ በፕሮግራማችን የለም።» ቀኑን እንቀይር አልኩት። እሱም የለም። ምን አለ ታዲያ? ቅጽ!

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22
ሁለት ሼሆችና አንድ ቄስ ሄዱልኝ። እኔ ከኋላቸው፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ። በሩ ላይ «እሺ ሳትለን አንቀመጥም» ብለው ቆሙ። ልጅ ሊያጩ የመጡ መስሎት ጎረቤቱ ተሰበሰበ።
ጋሽ ናስርም ግራ ገባቸው። «ለማን ነው የምትጠይቁኝ?»
ሼህ ኢዘዲን፣ «ለደብተሯ» አሉ።
ጋሽ ናስር ሳይወዱ ሳቁ። ወዲያው ኮስተር ብለው፣
«እስከ ፈተናው ትማር። ከዚያ ወዲያ ቃል አልሰጥም።»
ሽማግሌዎቹ መረቁ፣ እኔም አሚን አልኩ። ግን ይሄ ምኑ ድል ነው? ሁለት ወር እኮ ነው!

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24
«ሕፃኑን ይዛችሁ ኑ» ብዬ መልእክት ላክኩባቸው። አሥራ አንድ መጡ፣ አራቱ አዝለው። አንዱ ሲያባራ ሌላው ያለቅሳል። ካሰብኩት ሩቡን እንኳ አላስተማርኩም። መልካሙ ደወለ።
«ምንድነው ጩኸቱ?»
«ሪፖርቱ ነው» አልኩት።
ኢብቲሳም መጨረሻ ገባች። ሰላም አላለችኝም፣ እውነቷን ነው። ወንድሟን ተቀብዬ አዘልኩት። ወዲያው ሸናብኝ። እሷ ደብተሯን ገልጣ መጻፍ ጀመረች።
ስም ስጠራ የሷ ጋ ስደርስ ቀዩን መስመር ለመፋቅ ሞከርኩ። ወረቀቱ ተቀደደ። ከሁሉም በታች እንደገና ጻፍኳት።