ጳጉሜን ያልተቆጠረለት እርግዝና

ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም.
ዲላ

ለቀይ እሸት ቡና አዘጋጅና አቅራቢ ድርጅት
ለተከበሩ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ሽብሩ

ጉዳዩ፦ ሥራ የማቆምበትን ቀን ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ባለፈው ወር አንገትዎን ብርድ መትቶት አሥራ አንድ ቀን ከቢሮ በቀሩ ጊዜ መላው ሠራተኛ ምን ያህል እንደተጨነቀ ሳይሰሙ አይቀሩም። ያን ጊዜ አንገትዎ መታመም የነበረበት በየትኛው ቀን እንደሆነ የሚያጣራ ኮሚቴ ሳይቋቋም መቅረቱ እስካሁን ይቆጨኛል። ለባለቤትዎ፣ ለልጆችዎና በመጋዘን ላለው ቡና ሁሉ ሰላምና ጤና እመኛለሁ። እኔ እግሬ አብጦ ጫማ አልገባ ከማለቱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

በሥራ ብዛት ዘንግተውኝ እንደሆነ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ከየማጠቢያ ጣቢያው ናሙና እየሰበሰብኩ፣ ዲላ ባለው ክፍላችን በማንኪያ ፉት እያልኩና መልሼ እየተፋሁ፣ ይህ ንጹሕ ነው፣ ያ ሻግቷል ስል የኖርኩት ቡና ቀማሽዎ አሰገደች ነኝ። ከጥቂት ወራት ወዲህ በበሩ ስገባ ሆዴ ስለሚቀድመኝ ልረሳ የምችል አይመስለኝም። አዋላጅ ነርሷ ሲስተር ሙሉካ ልጄ ታኅሣሥ 25 ገደማ እንደሚወለድ ነግራኛለች። ከወሊድ በፊት የሚሰጠኝ ፈቃድ ሠላሳ ቀን ነው። ከታኅሣሥ 25 ላይ ሠላሳ ቀን ወደ ኋላ ቢቆጠር ኅዳር 25 ይመጣል፤ ይኸውም ነገ ነው። ይህን የሁለተኛ ክፍል ሒሳብ ለመሥራት ድርጅታችን ሰባት ሳምንት፣ አምስት ወንዶችና ሁለት ቃለ ጉባኤ ለምን እንደፈጀበት ሕዝቡም ቢያውቀው መልካም ነው ብዬ ደብዳቤዬን በግልጽ ለመጻፍ ተገድጃለሁ። ለድፍረቴ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ጳጉሜን።

የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊያችን አቶ ደመላሽ ጥንቁቅ ሰው ናቸው። ጥቅምት 5 ቀን ማመልከቻዬን ተቀብለው፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጫፍ ጠርገው፣ ግድግዳው ላይ በተሰቀለው ቀን መቁጠሪያ ከመጋቢት ጀምረው በጣታቸው እየቆጠሩ ነሐሴ መጨረሻ ደረሱና ጣታቸውን አንሥተው መስከረም አንድ ላይ አሳረፉት። ጳጉሜንስ ብዬ በትሕትና ብጠይቃቸው፣ ለጳጉሜን ደመወዝ ተከፍሎ ስለማያውቅ በድርጅቱ አሠራር ቀኖቹ እንደሌሉ እንደሚቆጠሩ፣ በዚህም መሠረት መውለጃዬ በአምስት ቀን ተገፍቶ ታኅሣሥ 30 እንደሚውል አስረዱኝ።

ልጄ በእነዚያ አምስት ቀናት የት እንደከረመ እስካሁን የነገረኝ የለም። እኔ እንደማስታውሰው ሆዴ ውስጥ ነበር፤ ያውም አጥብቆ መርገጥ የጀመረው ያን ሰሞን ነው። ደመወዝ እንደማይታሰብለት ባለማወቁ ይሆናል። ቢሆንም አቶ ደመላሽን አመሰግናለሁ፤ በጳጉሜን የተወለዱ ሠራተኞቻችንን እንዳልተወለዱ ቆጥረው ከመዝገብ አልሰረዙብንም።

ሁለተኛ፤ ስለ እኔና ስለ ቡና።

በአቶ ደመላሽ ሒሳብ ቅር ብሎኝ ወደ እርስዎ ይግባኝ ባልኩ ጊዜ በርዎን ከፍተው ስላስገቡኝ ውለታዎን አልረሳም። ወንበሩ ላይ የናሙና ከረጢት ተቀምጦበት ስለነበር ቆሜ አዳመጥኩ። እርስዎ የግብርና ምሁር ነዎትና ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት፦ ቡና ካበበ እስኪለቀም ዘጠኝ ወር ግድም ይፈጃል፤ እርግዝናም ዘጠኝ ወር ነው፤ ዘንድሮ ዝናቡ ስለዘገየ እሸቱ በሁለት ሳምንት ዘግይቷል፤ ስለዚህ የእኔም ሳይዘገይ አይቀርም አሉ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እርስዎ ግን አልሳቁም፤ ይልቁንም ብዕር አንሥተው እስከ ጥር መጀመሪያ ብትሠራ ችግር የለውም ብለው ማመልከቻዬ ላይ መሩበት። በዚህ አቆጣጠር የቅድመ ወሊድ ፈቃዴን የምጀምረው ልጄን ታቅፌ ነው ማለት ነው።

ጌዴኦ ምድር ተወልዶ ያደገ ሰው የዓለሙን ነገር ሁሉ በቡና ቢለካ አልፈርድበትም፤ እኔም የዚሁ አገር ልጅ ነኝ። ነገር ግን የበሰለ እሸት ለቃሚ እስኪመጣለት እንደማይጠብቅ፣ ካሳለፉት ከሥሩ እንደሚረግፍ ለለቃሚዎቹ በየዓመቱ የሚያስተምሩት እርስዎ ነዎት። ደግሞስ በእውነት እንደ ቡናው ቢያዩኝ ኖሮ ምን ቅሬታ ነበረኝ? ቡናው የራሱ አልጋ አለው። ቀስ ብለው ያገላብጡታል። እኩለ ቀን ላይ ፀሐዩ ሲበረታ ሸራ ያለብሱታል፣ ዘበኛም ያቆሙለታል። እኔ በስምንተኛ ወሬ አንድ መደገፊያ ያለው ወንበር ብጠይቅ የግዢ ጥያቄዬ በሂደት ላይ ነው ተባልኩ።

ሦስተኛ፤ ስለ ክብርት እናትዎ።

እናትዎ እንሰት ሲፍቁ ምጥ እንደያዛቸው፣ እዚያው ጓሮ እርስዎን ተገላግለው ማታውን ወደ ሥራቸው እንደተመለሱ በዚህ ዓመት ብቻ አራት ጊዜ ነግረውኛል። ታሪኩ በጣም ስለነካኝ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጪጩ ገበያ እኚህን ጀግና እናት ባገኘኋቸው ጊዜ ጎንበስ ብዬ ሰላም ብያቸው፣ ብርታታቸውን ከየት እንዳገኙት ጠየቅኳቸው። በመጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው የያዙትን የቆጮ ጥቅል አስቀምጠው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። በጌዴኡፋ የነገሩኝን ወደ አማርኛ ስመልሰው፣ «እሱ ያኔ ምን አይቶ ነው የሚያወራው?» ነው ያሉት።

እንደ እሳቸው አነጋገር፣ አማታቸው መፋቂያውን ከእጃቸው የነጠቋቸው እርስዎ ሊወለዱ ሁለት ወር ሲቀርዎት ነው። ከወለዱም በኋላ ጎረቤት እየተፈራረቀ ቅቤና ገንፎ ሲያበላቸው ከረመ እንጂ ማታውን አልተነሡም። በዚያ ላይ እርስዎ ይመጣሉ ከተባሉበት ጊዜ ቀድመው በጥድፊያ የመጡ ልጅ ነበሩ። ዝናቡ ያን ዓመት እንዴት እንደነበር ግን አላስታወሱም። ሆዴን በሁለት እጃቸው ዳስሰው መርቀውኛል፤ ለእርስዎም ሰላምታ ልከዋል። ከመስቀል ወዲህ ደጃቸውን እንዳልረገጡ አደራ ንገሪልኝ ስላሉኝ ይኸው ነግሬያለሁ።

አራተኛ፤ ስለ ሞተር ብስክሌቱ።

እዚህ ላይ እንደ ላይኛው መጻፍ ስላልቻልኩ ይታገሡኝ።

ኅዳር 9 ቀን ከድርጅታችን ሞተረኛ ኋላ ተፈናጥጬ ናሙና ለማምጣት አሪቻ ማጠቢያ ጣቢያ ወጣሁ። እውነቱን ልናገርና፣ ያስገደደኝ አልነበረም። ያለ እኔ ቅምሻው ይበላሻል ብዬ እኮራ ነበር። ሥራዬን እወደዋለሁ። ለባለቤቴ ለኢዮስያስ እስከ መጨረሻዋ ቀን እሠራለሁ ብዬ ፎክሬበት፣ እሱም ትምህርት ቤት ለባልደረቦቹ በኩራት አውርቶልኝ ነበር። ስንመለስ ቁልቁለቱ ላይ ጭቃው አንሸራተተንና በጎኔ ወደቅኩ። ብዙም አልተጎዳሁም፤ ናሙናው እንኳን አልፈሰሰም። ነገር ግን ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ልጄ መርገጥ አቆመ። ይርጋጨፌ እስክንደርስ ጠበቅኩ፤ ዝም አለ። በአውቶቡስ ዲላ እስክገባም ዝም አለ። ሲስተር ሙሉካ ማዳመጫዋን ሆዴ ላይ አድርጋ ስታፈላልግ ፊቷን ፊቷን አይ ነበር። ፈርቼ ነበር፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። የልብ ምቱን አግኝታ ፈገግ ስትል ያለቀስኩትን ለቅሶ ኢዮስያስ እስካሁን ሊያነሣብኝ አልደፈረም።

ሥራ የማቆምበትን ቀን የወሰንኩት ያን ዕለት እዚያች ጠባብ አልጋ ላይ ተጋድሜ ነው። ያቺ የሕግ ሠላሳ ቀን እስክትደርስ ለሥራ ከዲላ ላልወጣ፣ ከደረሰች በኋላ ደግሞ አንዲት ቀን ላልጨምር።

በማግስቱ ሁኔታውን በጽሑፍ ሳሳውቅ ድርጅቱ ያሳየው ፍጥነት ግን የሚያስመሰግን ነው። በሦስት ቀን ውስጥ አዲስ የራስ ቁር ተገዝቶ ከሸኚ ደብዳቤ ጋር ደረሰኝ። ልኬን ጠብቆ ስለመጣ ራሴን በሚገባ ይሸፍናል። ችግሩ ልጄ የተቀመጠው እዚያ አለመሆኑ ነው።

አምስተኛ፤ ስለ ኮሚቴው።

በማመልከቻዬና በእርስዎ ምሪት መካከል ያለውን ልዩነት አጥንቶ የውሳኔ ሐሳብ እንዲያቀርብ አምስት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ስላቋቋሙልኝ ክብር ይሰማኛል። አራቱ የልጆች አባቶች ናቸው፤ አምስተኛው ገና እጮኛ እየፈለገ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ቡናው እስኪያልቅ ምጡን ማዘግየት የሚቻልበት ሕክምና ካለ እንዲጣራ፣ በሁለተኛው ደግሞ ይህን የሚያጣራ ንዑስ ኮሚቴ እንዲቋቋም መወሰኑን ከቃለ ጉባኤው አንብቤያለሁ። እነዚህ ሰዎች ሚስቶቻቸው ሲወልዱ የት እንደነበሩ ለመጠየቅ አስቤ ነበር፤ ነገር ግን ቤት ማፍረስ ስለማልወድ ተውኩት።

እንግዲህ ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ ደብዳቤ ማመልከቻ አይደለም። ማመልከቻውን ጥቅምት 5 ቀን ጽፌዋለሁ። ይህ ማስታወቂያ ነው፤ ከነገ ኅዳር 25 ቀን ጀምሮ ሥራ ላይ አልገኝም። ማንኪያዎቹን አጥቤ መሳቢያው ውስጥ አስቀምጫቸዋለሁ። የናሙና መዝገቡ እስከ ዛሬ ተሞልቷል፤ ቁልፉን ለዘበኛው አስረክቤያለሁ። ከሄድሽ ወንበርሽን ሌላ ይይዘዋል ብለው ባለፈው ሳምንት በአባትነት መንፈስ መክረውኝ ነበርና ምክርዎን ሳመዛዝነው ሰንብቻለሁ። ስድስት ዓመት የሠራሁበትን ቦታ ማጣት ያሳዝነኛል፤ አልዋሽም። ከሁለቱ አንዱን ላጣ ግድ ከሆነ ግን የትኛውን እንደምመርጥ ኅዳር 9 ቀን ማታ አውቄዋለሁ። የሚመጣው ቀማሽ ደግሞ ቢያንስ ወንበር ይሰጠው ዘንድ አማልዳለሁ።

ስላደረጉልኝ ሁሉ፣ ይልቁንም ስላላደረጉልኝ ሁሉ፣ ከልብ እያመሰገንኩ፣ አምላክ አንገትዎን ከብርድ፣ ቡናዎን ከሻጋታ፣ ውሳኔዎን ከጥድፊያ እንዲጠብቅልዎ በመጸለይ፣

ከታላቅ አክብሮትና ካበጠ እግር ጋር፣

አሰገደች በፍቃዱ
እስከ ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ድረስ የድርጅቱ ቡና ቀማሽ

ግልባጭ፦
ለሰው ሀብት አስተዳደር ክፍል
በግቢው በር ላይ ላለው ማስታወቂያ ሰሌዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ጽፌ ፖስታውን ላሽግ ስል አንድ ደብዳቤ ደረሰኝ። አጣሪ ኮሚቴው ሴት አባል እንደሌለው በመታወቁ፣ የጾታ ተዋጽኦው እንዲሟላ እኔ ስድስተኛ አባል ሆኜ መሾሜን ይገልጻል። የመጀመሪያው አጀንዳ አሰገደች በፍቃዱ ሥራ የምታቆምበትን ቀን መወሰን ነው። ስብሰባው ቅዳሜ ታኅሣሥ 25 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እንደሚጀመርና መቅረት በሥነ ሥርዓት እንደሚያስጠይቅ ከታች በቀይ ተጽፏል። ለሹመቱ አመሰግናለሁ። በዕለቱ ግን ሌላ ቀጠሮ ስላለኝ መገኘት አልችልም። ምልዓተ ጉባኤው ከጎደለ ያለ እኔ ወስኑ። እኔ ያለ እናንተ ወስኛለሁ።