መምህራችንን በአሥራ አምስት ዓመቷ ለቀጠሩት ዳይሬክተር

ሚያዝያ 19 ቀን 2018 ዓ.ም.
(በፈረንጆቹ 2026፤ አይዞዎት፣ ጎን ለጎን ስለተጻፈ አገር አልፈረሰም)

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ቢሻው፣ የሰባት ክዋክብት ኢንተርናሽናል አካዳሚ ባለቤት፣ ዳይሬክተር፣ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ሰብሳቢና ማህተም ያዥ፤
መካነ ሰላም።

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከርማችኋል? ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ስለ አጭር ንግግር ጥቅም አርባ ደቂቃ ቆመው ሲመክሩን ጉልበትዎን እያሻሹ ስለነበር እኔም ጓደኞቼም ከልብ አዝነናል፤ ለጉልበትዎም፣ ለእኛም። አላህ ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ፤ በተለይ ደግሞ እስከ ሐሙስ ድረስ እንዳይለየን አጥብቀን ዱዓ እያደረግን ነው።

እኔ ጠይባ እባላለሁ፤ በትምህርት ቤትዎ የ11ኛ ክፍል የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ቢሮዎ ድረስ ይዤ መምጣት ይገባኝ ነበር፤ ነገር ግን ቢሮዎ የገባ ማመልከቻ ሁሉ ከጠረጴዛዎ መስታወት ሥር እንደ ቤተሰብ ፎቶ ስለሚቀመጥ፣ ቦታ እንዳላጣብብዎ ብዬ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለጥፌዋለሁ። ጉዳዩ የፊዚክስ መምህራችን የእሌኒ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ነው። እስከ ሐሙስ ካልታረመ፣ ከአራት ዓመት በላይ የለፋችበትን ዶሃ ያለ የኢንተርናሽናል ትምህርት ቤት ሥራ ታጣለች። ቅሬታው ይኸው ነው፤ የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው።

አንደኛ፣ «ኢንተርናሽናል» ስለሚለው ስማችን አመሰግናለሁ። ኢንተርናሽናል መሆናችንን የሚያረጋግጡልን በበሩ ላይ የተሳሉት ሰባት ባንዲራዎች ናቸው። ሠዓሊው ውበቱ ስድስቱን ከስልኩ እያየ ሣላቸው፤ ሰባተኛው ላይ ሲደርስ ባትሪው አለቀበትና ከልቡ ሣለው። ቲቸር እሌኒ ያችን አገር ካርታ ዘርግታ ፈልጋ ስታጣት «ልጆች፣ ይቺ ገና ያልተገኘች አገር ናት፤ ከእናንተ አንዱ ያገኛታል» አለችን። እርስዎ ግን ወላጅ ሲጠይቅዎ «አውሮፓ ናት» ብለው በአንድ ቃል ገላገሉን። እንዲህ ያለ ቆራጥነት በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር የት በደረስን!

ሁለተኛ፣ ለቲቸር እሌኒ ስላደረጉላት ድጋፍ። («አንቱ አትበሉኝ፣ ገና ልጅ ነኝ» ስላለችን ነው እንዲህ የምጠራት፤ ለእርስዎ ከሚገባው አንቱታ ላይ ግን አንድም እንዳልቀነስኩ እያዩ ነው።) ባሕር ማዶ ያሉት ትምህርት ቤቶች እንደ እኛ ባንዲራ አይተው አይቀጥሩም። ዲግሪ ይላሉ፤ የማስተማር ሙያ ዲፕሎማ ይላሉ፤ የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት ይላሉ፤ ክፍል ገብተሽ ስታስተምሪ የሚያሳይ ቪዲዮ ላኪ ይላሉ። ዲግሪውን ይዛው ነው የመጣችው። ዲፕሎማውን ሦስት ክረምት ደሴ እየተመላለሰች ጨረሰች። ለእንግሊዝኛው ፈተና፣ ሚኒባስ በጠፋበት ሳምንት፣ እህል በጫነ አይሱዙ ጋቢና ተጨናንቃ አዲስ አበባ ገባች፤ ተመልሳም የሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜያችንን አላጎደለችም፤ የመንገዱ አቧራ ግን እስከ ረቡዕ ድረስ ፀጉሯ ላይ ሆኖ አብሮን ተማረ። የኦንላይን ሥልጠናውን የጨረሰችው ኔትወርክ በሚገኝበት ብቸኛ ቦታ፣ ከውኃ ታንከሩ አጠገብ፣ በቁሟ ነው።

የእርስዎ ድጋፍ ደግሞ የሚከተለው ነበር። በሳምንት ሠላሳ አራት ክፍለ ጊዜ ሰጧት። የሒሳብ መምህሩ ሲለቅ ሒሳቡን ጨመሩላት፤ የስፖርት መምህሩ ሲለቅ ፊሽካውን አስረከቧት። የሥልጠናውን ሰርተፍኬት በደስታ ስታሳይዎ ኮፒውን አስነሥተው እንግዳ መቀበያው ላይ «መምህራኖቻችን በዓለም አቀፍ ደረጃ የሠለጠኑ ናቸው» ከሚለው ጽሑፍ ሥር ሰቀሉት። ያንኑ ሰርተፍኬት ይዛ የልምድ ደብዳቤ ልትጠይቅ ስትመጣ ግን «ይሄማ የኢንተርኔት ወረቀት ነው» አሉ። አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲሆን ዓለም አቀፍ፣ ባለቤቱ እጅ ሲገባ የኢንተርኔት የሚሆንበትን ሕግ ፊዚክስ እስካሁን አልደረሰበትም።

ሦስተኛ፣ ስለ ደብዳቤው። ከአርባ ቀን ምልልስ በኋላ ጥር ላይ ጻፉላት። የክፍላችንን ስም መጥሪያ ልወስድ ገብቼ ስለነበር ሥነ ሥርዓቱን በዓይኔ ለማየት በቅቻለሁ፤ ማህተሙን ከኮት ኪስዎ አወጡ፣ ከመሐረቡ ፈቱት፣ ሁለቴ «ሃህ! ሃህ!» ብለው ተነፈሱበት፣ ከዚያ ጠረጴዛው እስኪደነግጥ ድረስ መቱት። እንግሊዝኛውንም ለሰው አላመኑም፤ ራስዎ ተረጎሙት። አማርኛው «ከመስከረም 2014 እስከ ጥር 2018 ፊዚክስ አስተምራለች» የሚል ነበር፤ እውነት ነው። ሲተረጉሙት መስከረምን ሴፕቴምበር፣ ጥርን ጃንዋሪ አሉና ዓመቶቹን እንዳሉ ተዉአቸው። ወሩ ባሕር ተሻገረ፣ ዓመቱ መካነ ሰላም ቀረ።

ዶሃ ያሉት ሰዎች ደብዳቤዎን ከዲግሪዋና ከፓስፖርቷ ጋር አስተያዩት። ዲግሪዋ በእነሱ አቆጣጠር 2021 ይላል፤ ልደቷ 1999። እንግዲህ እርስዎ በማህተም ባረጋገጡት መሠረት ቲቸር እሌኒ ሥራ የጀመረችው በአሥራ አምስት ዓመቷ፣ ዲግሪዋን ከመያዟ ሰባት ዓመት አስቀድማ ነው። ያኔ እኔ የአምስት ዓመት ሕፃን ስለነበርኩ የ11ኛ ክፍሉን ትምህርት እንዴት እንደተከታተልኩ ሳስበው በራሴ እደነቃለሁ። ከዚያ በ2018 ሥራ አቆመች፤ እስከ ዛሬ ስምንት ዓመት የት እንደነበረች የሚያውቅ የለም። ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ «ውሸታም» አላሏትም፤ «ሰነዶችዎ እርስ በርሳቸው ስለማይስማሙ ማመልከቻዎን ለመዝጋት እንገደዳለን» ብለው ጻፉላት።

ይታረምልኝ ብላ ስትመጣ በሩ ክፍት ስለነበር ኮሪደሩ ሁሉ ሰምቷል። «ኢትዮጵያ የራሷ ዘመን ያላት አገር ናት! ለፈረንጅ ብዬ ዘመኔን አልሸጥም!» አሉ። ጸሐፊዎ ስመኝ ልታጨበጭብ ምንም አልቀራትም ነበር። ቲቸር እሌኒ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ጋሼ፣ አይሽጡት፤ ከጎኑ የእነሱን ብቻ ይጨምሩልኝ» አለች። «ማህተም አንዴ ከተመታ ተመታ!» አሉ። አገር ወዳድነትዎን አደንቃለሁ። ግን ባለፈው ሰኔ የኬጂ ልጆች ጋዋን ለብሰው ሲመረቁ ከኋላቸው በተሰቀለው ባነር ላይ፣ እኛ በ2017 ላይ እያለን፣ «የ2025 ተመራቂዎች» ተብሎ በወርቅ ቀለም መጻፉን ማን ፈቅዶ ይሆን? ለስድስት ዓመት ሕፃን ፎቶ የተገኘ ዘመን ለመምህርት እንጀራ የሚጠፋው በምን ኃጢአቷ ነው?

አራተኛ፣ ሽማግሌ ስለ መላክዎ። በአገራችን ሽማግሌ የሚላከው ለጋብቻ ወይም ለእርቅ ነበር፤ መምህር እንዳይለቅ ሽማግሌ በመላክ ባህሉን ያሳደጉት እርስዎ ነዎት። ሦስት አባቶች ወግዲ ድረስ ሄደው ለአባቷ ለአቶ አሳምነው «ልጅዎ አረብ አገር ልትሄድ ተነሥታለች፤ ቶሎ ይምከሩ» አሏቸው። ለምን ሥራ እንደምትሄድ መናገሩን ረሱት፤ እርስዎም ማስታወሱን ረሱት። በማግሥቱ ዕረፍት ሰዓት ላይ አባቷ ደወሉላት። ጆሯቸው ስለሚከብድ ይጮኻሉ፤ ከፊት ወንበር ላለነው ሁሉ ተሰማን።

«እሌኒዬ፣ አሥራ ስድስት ዓመት የተማርሽው የሰው ሰሃን ልታጥቢ ነው?»

«ኧረ አይደለም አባባ፣ አስተማሪ ሆኜ ነው።»

«አስተማሪማ እዚህም ነሽ! ለእሱ ነው ባሕር የምትሻገሪው?»

ስልኩ ሲዘጋ ፊቷን አዙራ ምንም ያልተጻፈበትን ሰሌዳ ረጅም ጊዜ ጠረገች። ለዚህኛው የሚሆን ቀልድ ስላጣሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ደግሞ ሰሃን ማጠብን እንዲህ አይናቁት። እናቴ ኡምኩልሱም ሪያድ ዘጠኝ ዓመት አጥባለች፤ ትምህርት ቤትዎ የገባሁት በእሱ ነው። በወላጆች ስብሰባ ላይ እጇን ብታወጣ «የአረብ አገር ልምድ ለትምህርት ጉዳይ አይሆንም» ብለው አስቀምጠዋታል፤ ሰው ሁሉ ስቋል። እሷ ታዲያ ትናንት እሑድ ቲቸር እሌኒን ቤት ጠርታ የትምህርት ቤቱን ቁጥር ተቀበለችና ዶሃ ደወለች። በዐረብኛ። ሰላምታው ብቻ ሦስት ደቂቃ ፈጀ፤ ስልኩን ያነሣውን ሰውዬ የእናቱን ጤና ሳይቀር ጠየቀችው። ከዚያ «የእኛ አገር ዘመን ከፈረንጆቹ ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ነው» ብላ ስታስረዳው ሰውየው ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል ልጄ?» አለችው። «እናንተስ በሂጅራ 1447 ላይ አይደላችሁም? እኔ መቼ ሳቅሁባችሁ?»

ሰውየው «ወላሂ፣ እውነትሽን ነው» አለ። እናቴ ስልኩን በእጇ ሸፍና ይህን ስትተረጉምልን ቲቸር እሌኒ ከመጋቢት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየናት። ማስተርስ ያለዎት እርስዎ በሦስት ወር ያላስረዱትን ሰሃን አጣቢዋ በአንድ ስልክ አስረዳችው። የቲቸር እሌኒ ፋይል እንደገና ተከፍቷል። ሆኖም አሠራር አሠራር ነውና ሁለቱንም ዘመን ጎን ለጎን የያዘ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ እስከ ሐሙስ እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ።

አምስተኛው ግን ምስጋና ሳይሆን ቅሬታ ነው፤ እሱም በራሴ ላይ። ሥራው የሚጀምረው ነሐሴ ላይ ስለሆነ የዘንድሮውን ትጨርስልናለች፤ ለከርሞ ግን የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ይጠብቀናል፤ እሷ ስትሄድ ፊዚክስን ማን እንደሚያስተምረን አላውቅም። እርስዎ ደብዳቤውን ቢያስቀሩት አትራፊዎቹ እኛ ነን። ዛሬ ከሰልፍ በኋላ ክፍል ውስጥ «እኛ ምን አገባን? ዝም ብንል እኮ ትቀርልናለች» ያልኩት እኔ ነኝ። ከኋላ የሚቀመጠው ሁዜይፋ ቀና ብሎ አየኝና «እንግዲያው አንቺና ጋሽ ቢሻው በምን ትለያያላችሁ?» አለኝ። በሕይወቴ እንዲህ ያለ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም። በምሳ ሰዓት ምሳዬን ትቼ ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት ልዩነቱን በጽሑፍ ለማስመዝገብ ነው።

ስለዚህ የምንለምንዎ አንድ መስመር ነው። መካነ ሰላም አስተምሮ የወጣ መምህር ሌላ አገር ልጆች ፊት ቆሞ ቢያስተምር ትምህርት ቤትዎ ያኔ እውነትም ኢንተርናሽናል ይባላል፤ ያለ ምንም ቀለም። እሷን መያዝ ከፈለጉ ደግሞ መንገዱ ቀላል ነበር፤ እዚሁ ሆና እንድታድግ መርዳት። እሱ ስላልተሞከረ ጥፋቱን በዘመን አቆጣጠር ላይ አናሳብብ።

ጊዜዎን ስለሰጡኝ፣ ሳልጠይቅም ስለወሰድኩብዎ፣ ምስጋናዬ ከሰልፍ ንግግርዎ የረዘመ ነው።

እስከ ዛሬ ጠዋት ከክፍሏ ሦስተኛ የነበረችው፣ ከነገ ጀምሮ ግን ስንተኛ እንደምትሆን በእርስዎ በጎ ፈቃድ የሚወሰነው፣ ሁልጊዜ ታዛዥዎ፣
ጠይባ ሙሐመድአሚን
ከ11ኛ «ለ»

ማስታወሻ፦ ደብዳቤው በደረሳቸው ዕለት፣ ሐሙስ፣ ዶሃዎች እርስዎን ራስዎን በስልክ ያነጋግራሉ። እነሱ «አራት ሰዓት» ብለው ነው የጻፉት፤ በእኛ አሥር ሰዓት ማለት ነው፤ ጠዋት አራት ላይ ገብተው ስልኩን አፍጥጠው እንዳይውሉ ብዬ ነው። ጥያቄው ሦስት ነው፦ መምህርቷን ያውቋታል? ከመቼ እስከ መቼ አስተማረች? ተመልሳ ብትመጣ ይቀጥሯታል? የመጀመሪያውን ይመልሱታል ብለን እንተማመንብዎታለን። የሁለተኛውን መልስ በሁለቱም ዘመን ጽፈን ለስመኝ ሰጥተናታል። ሦስተኛውን ሳይፈሩ «አዎ» ይበሉ፤ ወደ እርስዎ ትመለስ እንደሆነ እሷን የጠየቀ የለም።