ያልተቆጠሩት የጉሬዛ ግልገሎች

ወሎ ሰፈር፣ ኅዳር 9 ቀን 1975 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ እሸቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? የዐይን ሕክምናው እንዴት ይዞዎታል? እኔ ከትናንት ጀምሮ ብቻዬን እየሳቅሁ ነው። ያሳቁኝ እርስዎ ነዎት።

እርስዎ የሚጠብቁት የለሚው ጫካ ሊቆረጥ ነበር። ለሕክምናው ደብረ ዘይት በሄዱ በሳምንቱ የደን ቢሮው አለቃችን ጓድ ተወልደብርሃን የጉሬዛ ቆጠራውን መዝገብ ገልጠው፣ "በአራት ዓመት አንድም ግልገል አልተወለደም። የማይዋለድ ጉሬዛ ምን ብለን እንጠብቃለን? ዛፉ ለማገዶ ይሁን" አሉ። መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ቃሉ ግን ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጡ የሚያስጽፉኝ የእርስዎ ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ "ሽማግሌው ዛፍ ሥር ተኝተው ነው የሚውሉት" ብዬ በልቤ አምቼዎታለሁ።

ጥቂት ቀን ለምኜ፣ እንደገና ልቆጥር ለሚ ወረድኩ። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳልቆይ እናቱ ደረት ላይ የተለጠፈ፣ እንደ ባዘቶ የነጣ ግልገል አየሁ። ቀጥሎ ሌላ። እስከ ቀትር ሰባት ደረሱ። በደስታ አለቀስኩ። ከዚያ በቀጥታ ባለቤትዎ እትዬ ገንዘቤ ዘንድ ሄድኩ።

"ጋሽ እሸቴ እነዚህን አላዩም?" አልኳቸው።

"አሳምሮ አይቷል፤ ስም ሁሉ አውጥቶላቸዋል።"

"ታዲያ ለምን አላስጻፉኝም?"

"አንቺ ልጅ፣ ጨቅላ ተቆጥሮ ለሰው ዐይን ይሰጣል እንዴ? የኛንም ልጆች ክርስትና ሳይነሡ ወለድን ብሎ ለጎረቤት አውርቶ አያውቅም።"

"ሲያድጉስ?"

"ያኔማ ከየረር ተራራ መጡ ይላል።"

ለካ በየዓመቱ "ከየረር የመጡ እንግዶች" እያሉ ያስጻፉኝ እዚሁ የተወለዱትን ኖሯል።

ትናንት ጓድ ተወልደብርሃንን ይዤ ሄድኩ። በመነጽር ራሳቸው ቆጠሩ፤ ሰባት። ጫካው አይነካም፣ ወረቀቱም ተፈርሟል። ስንመለስ ግን መኪናው ውስጥ፣ "ዘበኛው ለምን ደበቀ?" ብለው ጠየቁኝ። ኋላ ቀር እምነት ነው ብለው እንዳያባርሩዎት ፈርቼ እየተንተባተብኩ ነገርኳቸው። ሾፌሩ ነዳጅ ሊያስሞላ ሲወርድ ጠብቀው ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣

"የሻሽወርቅ፣ እኔም ሚስቴ ወንድ ልጅ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። ለቢሮ አልተናገርኩም" አሉኝ።

ክርስትናው በወሩ መጨረሻ ነው፤ እርስዎም ተጠርተዋል። እስከዚያው ይህን ደብዳቤ ለማንም አያሳዩ።

አክባሪ ልጅዎ፣
የሻሽወርቅ