እማዬ የመረቀችው ደሴት

ማክሰኞ፣ ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ደብረ ማርቆስ

ባሌ ሀብታሙ ዛሬ የዛንዚባርን ቲኬት ቆርጦ መጣ። ገና ጫማውን ሳያወልቅ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ አሳየኝ። ሰዎች አፋቸው ውስጥ ቱቦ ነክሰው፣ ፊታቸውን ባሕሩ ውስጥ ደፍተው ይንሳፈፋሉ። ከሥራቸው ኮራል የሚሉት ባለ ቀለም ድንጋይ እንደ አበባ ፈክቷል። «በሚቀጥለው ሳምንት እኛም እንዲህ ነን» አለኝ። እንኳን ባሕር፣ የጨሞጋን ወንዝም በክረምት ሰው አዝሎኝ ነው የምሻገረው።

ድምፅዋን ብሰማ ይሻለኛል ብዬ ደብረ ኤልያስ ላለችው እማዬ ደወልኩ። «ደሴት ልንሄድ ነው» አልኳት። እልልታዋን አቀለጠችው! ለካ የጣና ገዳማት መስሏታል።

«እሰይ ልጄ! ጸበሉን በኮዳ አምጪልኝ። ደግሞ ሴት የማይገባበት ገዳም አለና ሳትጠይቂ ከጀልባ እንዳትወርጂ። በይ፣ ውኃው እንደ መሬት ይጽናልሽ።»

«አሜን» አልኩ። ምን ልበል? እውነቱን ብነግራት «አትሂጂ» ትለኛለች፤ እኔም እቀራለሁ፤ ሀብታሙ ያኮርፋል።

ሻንጣው አልጋው ላይ ተከፍቷል። ያጣጠፍኩትን ልብስ መልሼ እያወጣሁ ነው። የእማዬ ምርቃት ጣና ዳር ቆሞ ይጠብቀኛል፤ እኔ የምገባው ግን ሌላ ውኃ ውስጥ ነው።